ሰውየው የት ሄደ?

«ሁሉም ቆንጆ ነበር። ልጆቹም ጎበዞች ናቸው። ግን ሰውየው የት ሄደ?»

ጋሼ ይህን ያሉኝ ከትምህርት ቤቱ በር ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ነው። ሰኔ ነበር፣ የወላጆች ቀን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። እኔ ደግሞ ሙገሳ እየጠበቅሁ ነበር። ከኪነት ክበቡ ልጆች ጋር ሦስት ወር የለፋንበት ተውኔት ያን ዕለት ከሰዓት ታይቷል። የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ40 ደቂቃ መድረክ ላይ አውጥተነዋል። ርእሰ መምህሩ ጨብጠውኛል። አንዲት እናት አልቅሳለች። ስለዚህ የጋሼን ጥያቄ መጀመሪያ ነገሬ አላልኩትም።

«የቱ ሰውዬ?» አልኳቸው።

«ሰውየው ነዋ።»

ቆጠርኩላቸው። በዛብህ ነበረ። ሰብለ ነበረች። ጉዱ ካሣ ነበረ። ፊታውራሪ መሸሻም ሆዱ ላይ ትራስ አስሮ ነበረ።

«እነሱንማ አየኋቸው። የሚያወራውን ነው የምልሽ።»

ታክሲ መጣ። ተጋፍተን ገባን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ወሬው እዚያው ተቋረጠ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳገላብጠው አደርኩ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም አለቀቀኝም።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት ሲንጀር ፊት ቁጭ ብለው ኖረዋል። ከሲንጀሯ በላይ፣ ክሮቹ ከሚደረደሩበት መደርደሪያ ላይ፣ ሬዲዮ አለ። ሬዲዮው ሁለት ሦስቴ ተቀይሯል፣ ቦታው ግን ያው ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ዓይናቸውም ጊዜያቸውም አይበቃለትም። ታሪኩን ግን ከእኔ ከአማርኛ መምህርቷ በተሻለ ያውቁታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል። ሲደገምም ሰምተውታል። አሁን ደግሞ ልጃቸው ስልካቸው ላይ ጭናላቸው፣ ባሰኛቸው ሰዓት ይከፍቱታል።

ሦስት እስክሪብቶ

ተውኔቱን የጻፍኩበትን ዘዴ ልንገራችሁ። ያኔ በጣም እኮራበት ነበር። የመረጥኳቸውን ምዕራፎች ፎቶ ኮፒ አስደረግኩ። ሦስት እስክሪብቶ ገዛሁ። ሰዎቹ አፍ አውጥተው የሚናገሩትን በሰማያዊ አሰመርኩበት። የሚያደርጉትን፣ መግባቱን፣ መውጣቱን፣ መነሣቱን፣ በአረንጓዴ። የተረፈውን ሁሉ በቀይ። ሰማያዊው ቃለ ተውኔት ይሆናል። አረንጓዴው ለተዋናዩ መመሪያ ይሆናል። ቀዩ ይጣላል።

ጨርሼ ሳየው ወረቀቱ በርበሬ የተደፋበት መስሏል። ቀዩ ምን ነበር? የማንኩሳ አየር። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ትዳር። በዛብህ ለምን የስለት ልጅ እንደ ሆነ። በጌታ ቤት ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ለማን እንደሚነሣ። ሰብለ ወንጌል ዝም ስትል ልቧ ውስጥ ያለው ነገር። አንዳንዴ ደግሞ ወሬውን ቆም አድርጎ መታዘብ፣ ማዘን፣ ከንፈር መምጠጥ። ይህን ሁሉ «ትረካ ነው፣ መድረክ አይችለውም» ብዬ ጣልኩት። የተማርነውም ይህንኑ ነበር፦ መድረክ ያሳያል እንጂ አይተርክም።

ችግሩ የመጣው ትምህርቱ ትዕይንት ላይ ነው። በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ፊታውራሪ ቤት ገብቷል። መምህርና ተማሪ አንድ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰዋል። (የእኛው መጽሐፍ ዳዊት እንዲመስል በቡናማ ጨርቅ የተሸፈነ ፊዚክስ ነበር።) ልቦለዱ ውስጥ ይህ ፍቅር በዝግታ ነው የሚበስለው። ሁለቱም ይደብቃሉ፤ አንዱ ከሌላው፣ ሁለቱም ከራሳቸው። አንባቢው ግን ከእነሱ ቀድሞ ያውቃል፤ ሰውየው በሁለቱም ልብ እየገባ እየወጣ ይነግረዋላ። እኔ ደግሞ ሰውየውን አባርሬዋለሁ። መድረኩ ላይ የቀሩት ሁለት ዝም ያሉ ልጆችና አንድ ፊዚክስ ናቸው።

ልምምድ ላይ ዝምታው አስፈራኝ። ተመልካቹ ይሰለቻል ብዬ ለበዛብህ መነባንብ ጻፍኩለት። ወደ አዳራሹ ዞሮ ልቡን ይዘረግፋል። የ11ኛ ክፍሉ ልጅ አሳምሮ አጠናው። በወላጆች ቀን ታዲያ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሞላ ከኋላ ወንበር ፉጨት ቀለጠ። «በላት እንጂ ንገራት!» ያለም አለ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁን ላብ አጠመቀው።

ያኔ የተማሪ ጠባይ ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ፉጨቱ ልክ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ፣ በጌታ ቤት ቆሞ፣ የጌታውን ልጅ መውደዱን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው አይለፍፍም። በዛብህ ያን ቃል ቢገርፉት አያወጣውም። ሰውየው ነው የሚያወጣለት። እኔ የሰውየውን ቃል ነጥቄ በዛብህ አፍ ውስጥ ወተፍኩት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ? የእኔው የአያያዝ ነበር።

አንድ ጉሮሮ

በዚያ ክረምት ጋሼ ጋ እየሄድኩ ትረካውን አብሬያቸው መስማት ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ቁርጥራጩን ነበር የማውቀው። አንድ ጥግ ላይ፣ የተቆራረጠ ጨርቅ መሐል እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ይሰፋሉ፤ ስልኩ ያወራል።

ወጋየሁ ተዋናይ ነበር፣ የመድረክ ሰው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ድምፅ ይሰጣል። ሁላችንም የምናደንቅለት ይህንን ነው። ጋሼ ጥያቄያቸውን ካሸከሙኝ በኋላ ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ፍለጋ ሄደ። በድምፆቹ መካከል ያለውን ድምፅ መፈለግ ያዝኩ፤ ፊታውራሪም ያልሆነውን፣ በዛብህም ያልሆነውን። አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪመልስ ድረስ «አለ» ብሎ የሚያቀብለውን።

ልብ ካላችሁ ያ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ አይጠፋም። ፊታውራሪ ሲቆጡ እንኳ ቁጣው የእሳቸው ነው፣ ጉሮሮው የሰውየው ነው። አያቴ ትዝ አለችኝ። «ተረት ተረት» ብላ «የላም በረት» አስብላን ስታበቃ፣ ጅቡ ሲመጣ ድምጿን ታወፍራለች። እኛ ፈርተን ዘለን የምናቅፈው እሷኑ ነው። ጅቡም እሷ፣ መሸሸጊያውም እሷ።

ስለዚህ ትረካን ከሬዲዮ ድራማ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። ድራማ ላይ አሥር ሰው አሥር ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ በር ይንኳኳል፤ ፈረስ ይጋልባል። ትረካ ላይ አንድ ሰው አሥሩን ይሸከማል፤ ፈረሱንም ጭምር። እስከ ዛሬ በኤፍኤሙም በዩቲዩቡም ሰው ትረካ የሚያሳድደው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። (አንዳንዱ ከኋላው የዝናብ ድምፅና ዋሽንት ይለቅበታል። ምን አስጨነቀው እላለሁ።)

ሌላም ነገር አየሁ። ጉዱ ካሣ የማኅበሩን ሥርዓት በሕንጻ እየመሰለ ለበዛብህ የሚያስረዳበት ረጅም ንግግር አለ። እኔ ከተውኔቴ ውስጥ አራት መስመር አድርጌ ነው ያስቀረሁት፤ ማን ያን ሁሉ ይሰማል ብዬ። ጋሼ እዚያ ቦታ ሲደርሱ እግራቸውን ከፔዳሉ ያነሣሉ። ሲንጀሯ ትቆማለች። ንግግሩ እስኪያልቅ አንዲት ስፌት አትሰፋም።

ውርስ ካለ ክርክር አለ

ከዚያ ወዲያ ነገሩን እንደ መምህር ማጥናት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የሐዲስ የራሳቸው መንገድ ነው። ልቦለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከእሱ በፊት በ1948 ያወጡት መጽሐፍ «ተረት ተረት የመሠረት» ይባላል። ስሙ እንደሚለው የተረት መጽሐፍ ነው። ከዚያም ቀድሞ ገና መምህር ሳሉ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የሚል ተውኔት ጽፈዋል። እንግዲህ እኝህ ሰው መድረክን ያውቁታል። የበዛብህንና የሰብለን ነገር ተውኔት አድርገው መጻፍ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ተረት አዋቂው ሰውዬ ያስፈልጋቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩበት እሱን ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ የኛው አገር የቴያትር አጀማመር ነው። ክፍል ውስጥ ሁሌ እናገረዋለሁ፣ ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ በ1910ዎቹ ዓ.ም. የተጻፈ። ታሪኮቹ የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ናቸው። በሌላ አነጋገር ቴያትራችን ሀ ብሎ የጀመረው ተረትን ወደ መድረክ በማሻገር ነው። ውጤቱም ይታወቃል። ትችቱ ለመኳንንቱ አልተሰወረባቸውም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

እኔ ሁልጊዜ የማስተምረው «ፖለቲካው ነው ያሳገደው» ብዬ ነው። ልክ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ተረት መጽሐፍ ላይ ሲሆን ተራኪ አለው። መሐላችን ይቆማል። «አንበሳው እንዲህ አደረገ፣ ስለዚህ ልጆች እንዲህ አታድርጉ» ይላል። ጣቱን የሚቀስረው እሱ ነው፣ የት እንደሚቀስርም ይመርጣል። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን አንበሳው ራሱ ይናገራል፣ ቀበሮው ራሱ ይናገራል። መሐል የሚቆም የለም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ጌታ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ጌታ ያየዋል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ሰውየው ሲወጣ ወንበሩ ባዶ እንደማይቀር አስተምሮኛል። ያዳራሹ ሰው ይቀመጥበታል። እኔ አዳራሽ ውስጥ ፉጨቱን ያፏጨው ልጅ እኮ ሌላ ምንም አላደረገም፤ ባዶውን ወንበር አይቶ ቁጭ አለበት።

ለነገሩ በአማርኛ ለዚህ ድርሰትን ወደ ሌላ መልክ የማሻገር ሥራ ያለን ቃል ደስ ይለኛል። «ውርስ ትርጉም» እንላለን። ሥራውን ከባለቤቱ ትወርሰዋለህ ማለት ነው። ውርስ ባለበት ደግሞ ክርክር አይጠፋም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በቅርቡ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲመጣ ሰፈር ውስጥ ያልተከራከረ አልነበረም። ሰብለ ትመስላለች፣ አትመስልም። አንድ ክፍል ከጋሼ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁ። ጋሼ ማንኩሳን ሲያዩ «እንዲህ ኖሯል እንዴ ሜዳው!» ብለው ተገረሙ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ፊልም ላይ ሰውየው ዓይን ይሆናል። ማን ሲናገር ማንን እንደምናይ የሚመርጥልን እሱ ነው። አባት ሲቆጣ ካሜራው የልጅቱ እጅ ላይ ከቆየ፣ ሰውየው አለ ማለት ነው። ዝም ብሎ ያወራል።

አንድ ልጅ የተናገረው

በሚቀጥለው ዓመት ለተማሪዎቼ ሥራ ሰጠሁ። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ምረጡ፣ ወደ ፈለጋችሁት መልክ ለውጡት፣ ሰውየው የት እንደገባ ንገሩኝ አልኩ። ከዚህ በላይ አላብራራሁም። አንዷ በሥዕል ሠራችው፤ ሰውየውን ጥግ ላይ የተቀመጠች ወፍ አደረገችው። ሁለት ልጆች የበዛብህንና የሰብለን ደብዳቤ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገው መጡ፤ ድምፁ ተቀድቶ እንደገና የተሰረዘበት ቦታ ሁሉ ነበር። በጣም ያስቃል፣ ያሳዝናልም። አብዛኞቹ ግን እንደ እኔው ሰውየውን ጣሉት።

ከሁሉም ያልረሳሁት ምንም ሳይሠራ የመጣውን ልጅ ነው። ለምን አልሠራህም ስለው «ቲቸር፣ ይሄ የሚያወራው ሰውዬ ሰብለን ራሱ ይወዳታል መሰለኝ። እሱን ካወጣሁት አይወዳትም» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤት ሄጄ የሰብለ ገጾችን እንደገና አነበብኩ። ልጁ እውነቱን ነው። ሰውየው ስለ ሰብለ ሲያወራ አይቸኩልም። ስለ ፊታውራሪ ሲያወራ የሚጠቀምባት የምጸት መርፌም ትሰወራለች። ይህን ስንት ዓመት ሳስተምር አላየሁትም። ለልጁ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

ወጥ ቤት

ተውኔቱን እንደገና ለመጻፍ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ ለሁሉም ሰው የሚመጣው ነው፦ መድረኩ ጥግ ላይ አንድ ሰው አስቀምጦ ማስነበብ። ልጆቹ ሞከሩት። ዜና አንባቢ መሰለ። አንድ ጊዜ ተዋናዮቹን እናያለን፣ አንድ ጊዜ እሱን፤ አንገታችን ታመመ። ጠጅን በብርሌ ያለ ሰው ያለ ነገር አላለም፤ እኔ ግን ብርሌውን ራሱን ጣሳ ውስጥ ከትቼ ነበር ያቀረብኩት።

መፍትሔው፣ መፍትሔ ከሆነ፣ የመጣው ከጋሼ ሱቅ ነው። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ቀሚስ ሊያስጠብቡ መጥተው ስለ አንድ ጎረቤታቸው ትዳር ያወራሉ። ባልየው ያላት የለም፣ እሷም ያለችው የለም። እነሱ ግን ሁሉን ያውቃሉ። «ምጣዱን ስታሰማ እኮ አስታውቃለች» አለች አንዷ። ብድግ አልኩ። ፊታውራሪ ቤት ውስጥ ስንት አገልጋይ አለ! ውሃ የሚቀዳ፣ እግር የሚያጥብ፣ ወጥ የምትሠራ። ጌቶቹ እንደ ዕቃ ስለሚያዩአቸው ፊታቸው አይጠነቀቁም። ስለዚህ ሁሉን ያያሉ። ሰውየውን ወጥ ቤት አስገባሁት።

አሁን የትምህርቱ ትዕይንት እንዲህ ነው። በዛብህና ሰብለ መጽሐፋቸው ላይ አጎንብሰዋል፣ አንድ ቃል አይተነፍሱም። በሌላው በኩል ሁለት ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ። «ዛሬም ምሳዋን መለሰችው» ትላለች አንዷ። «እሱስ?» «እሱማ ገጹን ገልብጦ መያዙን እንኳ አላወቀም።» ሽንኩርት ነው እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እነዚህ ቃላት መጽሐፉ ውስጥ የሉም፤ የእኔ ናቸው። ግን ከተወተፈው መነባንብ ይልቅ እነሱ ለሐዲስ ይቀርቡኛል። በዛብህ ዝም እንዲል ፈቅደውለታላ።

ጉዱ ካሣንም ንግግሩን መለስኩለት። ሙሉውን ባይሆንም አብዛኛውን። ሲናገር ከኋላው አገልጋዮቹ ዕቃ ያመላልሳሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረድራሉ። ስለ ታችኛው ድንጋይ እየተወራ መሆኑን አያውቁም። ወይም ያውቃሉ። ልጆቹ በየልምምዱ ይቀያይሩታል፣ እኔም ተውኳቸው።

ረቂቁን ለጋሼ አነበብኩላቸው። እሳቸው የአንድ ሠርገኛ ኮት እያጠበቡ ነበር። ሽንኩርቱ ላይ ሳቁ። ጉዱ ካሣ ላይ ጠበቅሁ። እግራቸው ከፔዳሉ አልተነሣም። ስፌቱ ቀጠለ። ከአፌ ነጥቀው «እንዲህ አይደለም የሚለው» ብለው በወጋየሁ ድምፅ ራሳቸው አሉት፤ ቃል በቃል ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ኮቱን ገልብጠው ገበሩን አሳዩኝ። «ላዩን አጥበሽ ገበሩን ካልነካሽው ይሸበሸባል። አንቺ ገበሩን ነክተሻል፣ ደግ አድርገሻል። ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። በዛብህ አዲስ አበባ ገባ። ሰብለ ተከተለችው። መጨረሻው ላይ ደረስኩና ቆምኩ፤ አልጻፍኩትማ። ጋሼ ቀና አሉ።

«መቃብሩስ?»

እዚያ ላይ ነው የተያዝኩት። አገልጋዮቹ ፊታውራሪ ቤት ቀርተዋል። በዛብህ ሞቷል። ሰብለ ሞታለች። ጉዱ ካሣም ሞቷል። መጽሐፉ ላይ አንድ እሱ ነው የቀረው፤ ሦስቱንም ቀብሮ የሚያወራው እሱ ነው። መድረክ ላይ ማንን ላቁም? ቆፋሪ አስቤ ነበር። ቆፋሪ ምን ያውቃል? ዝም ብዬ መቃብሩን ብቻ ላሳይ ብዬም ነበር። ጨለማ፣ ከዚያ መጋረጃ።

ጋሼ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ሰውየውን ጥሪዋ» አሉኝ። «ሁሉም ሲሞት እንኳ አትጠሪውም?»

ክበቡ ለሰኔ እየተለማመደ ነው። የመጨረሻው ገጽ አሁንም ባዶ ነው።